ፖስታውን ክፈቱት

ዛሬ የምናገረው የለንደንን ባቡርና አውቶብስ ከሚያስተዳድረው ከትራንስፖርት ፎር ለንደን ስለሚመጣ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ጣቢያ ትክክለኛ ቲኬት ሳይዙ ተገኝተዋል ይልና ምላሽዎን ይጻፉልን ብሎ ይጠይቃል። በማኅበራችን ቢሮ ተቀምጬ የሰው ደብዳቤ ሳነብና ሳስተረጉም የማየው ነገር አሳስቦኝ ነው ይህን ርዕስ የመረጥኩት። ወደኛ የሚመጣው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይዞ የሚመጣው የመጀመሪያውን ደብዳቤ አይደለም። የመጀመሪያው ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ሥር ተቀምጧል፤ ሁለተኛው ጭራሽ አልተከፈተም። እኛ ጋ የሚደርሰው ፍርድ ቤቱ ከወሰነ በኋላ የሚላከው፣ ይህን ያህል ፓውንድ ይክፈሉ የሚለው ነው።

ለምን እንደማይከፈት ይገባኛል። አገር ቤት መጥሪያ የያዘ ሰው በር ሲያንኳኳ ቤተሰቡ በሙሉ ነው የሚደነግጠው። እዚህ ከመጣን በኋላም ከሆም ኦፊስ የመኖሪያ ፈቃድ ውሳኔ የያዘ ደብዳቤ እየጠበቅን፣ በፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ኮቴ ልባችን እየመታ ዓመታት ያሳለፍን ሰዎች ነን። ይህ ፍርሃት ከየት እንደመጣ ስለማውቅ ማንንም አልወቅስም። ነገር ግን አበው ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት በዚህ ጉዳይ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። ጥቂት ፓውንድ ብቻ የሆነ የጉዞ ዋጋ ወደ ወንጀል ክስና በመቶዎች ወደሚቆጠር ፓውንድ የሚያድገው በአብዛኛው በዝምታችን ምክንያት ነው።

አስቀድመን ነገሩን እንለይ። ተቆጣጣሪ ባቡር ውስጥ ወይም በር ላይ ይዟችሁ እዚያው ፔናልቲ ፌር የሚባለውን ክፍያ ቢጥልባችሁ ያ የወንጀል ቅጣት አይደለም። ከመጋቢት 2024 ጀምሮ 100 ፓውንድ ሆኗል፤ በ21 ቀን ውስጥ ከተከፈለ 50 ፓውንድ ይበቃል። ልክ አይደለም ብሎ የሚያምን ሰውም በዚያው ጊዜ ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል። ይከፈላል ወይም ይግባኝ ይባልበታል፤ በዚያው ያልቃል። ዛሬ የማነሳው ሌላኛውን ነው፤ ተቆጣጣሪው ፔናልቲ ፌር ሳይሰጥ ስማችሁንና አድራሻችሁን መዝግቦ፣ ጥያቄ ጠይቆ፣ ማስታወሻ ይዞ የሄደበትን። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ምንም ነገር ላይሰማ ይችላል። ሰው ረሱት ብሎ ይደሰታል። ሕጉ ግን እንዲህ ያለውን ክስ ለመጀመር ድርጊቱ ከተፈጸመበት ቀን አንሥቶ 6 ወር ይሰጣል። ዝም ስላሉ ረስተውታል ማለት አይደለም።

ደብዳቤው ሲደርስ ደግሞ በተለይ የኛን ሰው የሚገጥመው ችግር አለ። ፖስታው ላይ ጎልቶ የሚታየው የአባት ስም ነው። ባልና ሚስት የአባት ስማቸው ስለሚለያይ፣ በአንድ ቤት አምስት ሰው ተከራይቶ በሚኖርበት ቦታ ስሙም በእንግሊዝኛ ፊደል እንደነገሩ ስለሚጻፍ፣ ደብዳቤው የማን እንደሆነ ሳይታወቅ በር ሥር ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር ተከምሮ ይቀራል። ቤት የቀየረ ሰው ደግሞ አሮጌው አድራሻ ላይ ደብዳቤው እየተከመረ መሆኑን አያውቅም። በተቆጣጣሪ የተያዘ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ፖስታውን በየቀኑ ይይ፤ ቤት ከቀየረም አዲሱን አድራሻ ያሳውቅ። ተቆጣጣሪ ሲይዛችሁ የጓደኛ አድራሻ ወይም የሐሰት ስም መስጠት ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ወንጀል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ያ የመጀመሪያው ደብዳቤ ክስ አይደለም። መሥሪያ ቤቱ የእናንተን ቃል የሚጠይቅበት ነው። ቀነ ገደቡ እዚያው ላይ ተጽፏል፤ ብዙውን ጊዜ 10 ቀን ነው። መልሳችሁን አንድ መርማሪ ያነበውና ይወስናል፤ ነገሩን ሊዘጋው፣ ማስጠንቀቂያ ጽፎ ሊያልፈው ወይም ወደ ክስ ሊወስደው ይችላል። በዚህ ጊዜ ደብዳቤያችሁን የሚያነበው ሰው ራሱ ክሱን የማስቀረት ሥልጣን ያለው ወገን ነው።

ይህ ቀነ ገደብ ካለፈ በኋላ ምን እንደሚሆን ስሙኝ። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ በ2015 በወጣ ሕግ የተጀመረ ሲንግል ጀስቲስ ፕሮሲጀር የሚባል አሠራር አለ። ማጂስትሬት የሚባል አንድ ዳኛ ከአንድ የሕግ አማካሪ ጋር ሆኖ፣ ችሎት ሳይሰየም፣ ተከሳሽ ሳይቀርብ፣ ወረቀት ብቻ አይቶ ይፈርዳል። ለተከሳሹ የክስ ማስታወቂያ በፖስታ ይላክለታል፤ ጥፋተኛ ነኝ ወይም አይደለሁም ብሎ እንዲመልስ 21 ቀን ይሰጠዋል። ካልመለሰ በሌለበት ይፈረድበታል። ገቢውን የሚገልጸውን ቅጽ ሞልቶ ካልላከም ፍርድ ቤቱ ገቢውን በግምት ይይዝና ቅጣቱን በዚያ ያሰላዋል፤ ስለዚህ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ የምትሠራ ሴት በማታገኘው ደመወዝ ልክ ልትቀጣ ትችላለች። በቅጣቱ ላይ የክሱ ወጪ ይታከላል፤ ሰርቻርጅ የሚባለውም ይታከላል፤ ያልተከፈለው የጉዞ ዋጋም አብሮ ይመጣል።

በዚህ አሠራር ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ አንድ ነገር ነው። ሰው ለክስ ማስታወቂያው መልስ ሲሰጥ ታምሜ ነበር፣ ልጄ ሆስፒታል ነበረ፣ ከፍዬ ነበር ብሎ የሚጽፈው ማብራሪያ በቀጥታ የሚሄደው ወደ ማጂስትሬቱ ነው። ከሳሹ መሥሪያ ቤት ብዙ ጊዜ ሳያየው ይቀራል። ቢያየው ኖሮ ክሱን ያነሳው እንደሆነ እንኳ አይታወቅም። የማጂስትሬቶች ማኅበር ራሱ በመጋቢት 2024 ይህ እንዲታረም፣ ከሳሾች የተከሳሾችን ማብራሪያ ዳኛው ዘንድ ከመድረሱ በፊት እንዲያነቡት ጠይቋል። ዳኞቹ ራሳቸው እንዲህ ካሉ እኛ ቃላችንን እስከዚያ ድረስ ማቆየት የለብንም። እንዲነበብ የምትፈልጉትን ሁሉ ለመጀመሪያው ደብዳቤ ጻፉት፤ ለከሳሹ በእርግጥ የሚደርሰው ያን ጊዜ ነው።

ደብዳቤው ላይ የትኛው ሕግ እንደተጠቀሰም እዩ። ሁለት ዓይነት ነው የሚያጋጥማችሁ። አንደኛው የባቡር ደንቡ ነው። በዚህ ደንብ ቲኬት ወይም በር ላይ ባለው ማንበቢያ የተነካ (ታፕ የተደረገ) ካርድ አለመያዝ ብቻውን ጥፋት ነው፤ ለማታለል አስባችሁ እንደሆነ አይጠየቅም። የቲኬት መሸጫው ተበላሽቶ ከነበረ ወይም ሥልጣን ያለው ሠራተኛ ግቡ ብሎ ከፈቀደላችሁ ግን ደንቡ ራሱ መከላከያ ስለሚሰጥ ይህን መጻፍ አለባችሁ። ሁለተኛው የ1889ኙ የባቡር ሕግ ነው፤ አዎ፣ የአድዋ ጦርነት ሳይደረግ የወጣው ሕግ ዛሬም ሰው ይከሰስበታል። በዚህኛው ከሳሹ ላለመክፈል አስባችሁ እንደነበር ማስረዳት ይጠበቅበታል። ሁለቱም እስከ 1,000 ፓውንድ ያስቀጣሉ፤ የ1889ኙ ግን እስከ 3 ወር እስራት ድረስ ሊሄድ ስለሚችል ስሙን ያየ ሰው አቅልሎ እንዳያየው። አውቶብስ የራሱ ሌላ ደንብ አለው።

መሥሪያ ቤት አይሳሳትም የሚል ሐሳብ በውስጣችን አለ። ግን ይሳሳታል፤ ነሐሴ 2024 የሆነውን ልንገራችሁ። የባቡር ኩባንያዎች ለዓመታት በዚህ በ1889 ሕግ ሰዎችን በሲንግል ጀስቲስ ፕሮሲጀር ሲከሱ ኖረዋል። ሕጉ ግን በዚያ አሠራር እንዲከሰስበት አልተፈቀደም ነበር። የእንግሊዝና የዌልስ ዋና ማጂስትሬት ፖል ጎልድስፕሪንግ በዌስትሚንስተር ፍርድ ቤት ተቀምጠው ክሶቹ ከመነሻው ዋጋ የላቸውም ብለው ወሰኑ። ውሳኔው የሚነካቸው ጉዳዮች ወደ 74,000 እንደሚደርሱ ተገምቷል። ስንቱ ከፍሏል፣ ስንቱ ወንጀለኛ ተብያለሁ ብሎ ተሸማቋል! ያን ሁሉ ጊዜ ወረቀቱ በማኅተም፣ በቁጥርና በፊርማ ይመጣ ነበር። ስለዚህ ማኅተም ያለበትን ወረቀት አክብሩት፤ ግን ደግሞ አንብቡት። ቀኑ ልክ ነው? ጣቢያው ልክ ነው? የተባለው ካርድ የእናንተ ነው?

እንግዲህ እንዴት ይጻፍ? እኛ ስንጽፍ በልማድ ልመና እናበዛለን። ሕግ አክባሪ ነኝ፣ የአራት ልጆች አባት ነኝ፣ በእግዚአብሔር ስም እለምናችኋለሁ እንላለን። እውነት ነው፤ መርማሪው ግን በዚህ ምን ማድረግ ይችላል? ስለተያዛችሁበት ጉዞ አንድ ቃል አልነገርነውም። አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ቪክቶሪያ አካባቢ ቢሮ የምታጸዳ እህት አለች እንበል። ሌሊት ተነሥታ ስልኳን ታፕ አድርጋ ባቡር ገባች፤ መንገድ ላይ ባትሪዋ አለቀ፤ ተቆጣጣሪው መጣ። የባንክ ካርዷን ሰጠችው። እርሷ ስልኬ ላይ ያለው ካርድ ያው ይህ ነው ብላ ነው። የተቆጣጣሪው መሣሪያ ግን ስልኩን ሌላ፣ ካርዱን ሌላ አድርጎ ነው የሚያነበው፤ በካርዱ ላይ ምንም ጉዞ አልታየም። እርሷ የከፈለች መሰላት፤ ለእርሱ ሳትከፍል የተገኘች ሆነች። ይህች እህት እንዲህ ብትጽፍ ምን ያህል ልዩነት እንዳለው ተመልከቱ፦

«ማክሰኞ ጠዋት 5:40 ላይ ሰቨን ሲስተርስ ጣቢያ በስልኬ ታፕ አድርጌ ገባሁ። በቪክቶሪያ መስመር ወደ ሥራዬ እየሄድኩ ነበር። መንገድ ላይ የስልኬ ባትሪ አለቀ። ተቆጣጣሪው ሲጠይቀኝ የባንክ ካርዴን ሰጠሁት፤ ስልኬ ላይ የተጫነው ካርድ እርሱ ስለሆነ ጉዞዬ የሚታይ መስሎኝ ነበር። በዚያ ቀን ለዚሁ ጉዞ ከባንክ ሒሳቤ ገንዘብ መቆረጡን የሚያሳይ ወረቀትና በስልኬ የተደረገውን የጉዞ ዝርዝር አያይዣለሁ። በጉዞ ላይ ስልኬ መሥራቱን ማረጋገጥ የእኔ ኃላፊነት እንደነበር አሁን ተረድቻለሁ፤ ስለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ በባንክ ካርዴ ብቻ ነው የምጓዘው። ጉዳዩን ያለ ክስ እንድትዘጉልኝ እጠይቃለሁ።»

አጭር ነው። ከየት ወዴት፣ ስንት ሰዓት፣ ምን ሆነ፣ ማስረጃው የቱ ነው፣ ምን እንዲደረግላት ትፈልጋለች፤ ሁሉም አለ። ስለ ልጆቿ ወይም ስለ ሕመሟ መጻፍ ከፈለገችም በመጨረሻ፣ የሐኪም ወረቀት ካላት ከወረቀቱ ጋር ትጻፈው። የጉዞ ዝርዝሩ ለዘላለም ድረ ገጹ ላይ አይቆይም፤ ስለዚህ ደብዳቤውን ሳትጠብቁ በተያዛችሁበት ሳምንት አውጥታችሁ አስቀምጡት። የላካችሁትን ደብዳቤም ቅጂውን ያዙ፤ በፖስታ ከላካችሁ የላካችሁበትን ደረሰኝ አትጣሉት።

በምሳሌው ደብዳቤ ሰዓቱን 5:40 ያልኩት በምክንያት ነው። በኛ አቆጣጠር ይህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው። በድንጋጤ ላይ ሆኖ በእንግሊዝኛ የሚመልስ ሰው በአእምሮው 11 ሰዓት ብሎ 11 ነው ይላል፤ ተቆጣጣሪው ማስታወሻው ላይ 11 ብሎ ይጽፋል። በኋላ ከጉዞ ዝርዝሩ ጋር ሲተያይ ሰውዬው የዋሸ ይመስላል። ከዚህ የሚብሰው አዎ፣ አዎ ማለታችን ነው። አክብሮት ሆኖብን፣ ጥያቄው ሳይገባን ራሳችንን እንነቀንቃለን። ተቆጣጣሪው ላለመክፈል አስበው ነበር? ብሎ ከጠየቀና አዎ ከተባለ፣ የ1889ኙ ሕግ የሚፈልገውን ነገር ራሳችን ሰጠነው ማለት ነው። ያልገባችሁን ጥያቄ አልገባኝም በሉ። አስተርጓሚ እፈልጋለሁ በሉ። የጻፈውን ሳይነበብላችሁ አትፈርሙ። ፈርማችሁ ከሆነና የተጻፈው ያላችሁት ካልሆነ ደግሞ በመልሳችሁ ላይ በግልጽ ጻፉት፤ ቋንቋው እንዳልገባችሁም ጨምሩበት። ጉዳዩ ወንጀል ችሎት ከደረሰ አስተርጓሚ በነጻ ይመደብላችኋል፤ የአማርኛ አስተርጓሚ እንደምትፈልጉ አስቀድማችሁ አሳውቁ።

በእውነት ያጠፋ ሰውስ? የአባቱን የ60 ፕላስ ካርድ ይዞ የወጣ ልጅ፣ የልጇን ዚፕ ካርድ የተጠቀመች እናት አሉ፤ ሁለቱም ለባለቤታቸው ብቻ የሚሠሩ የነጻ ወይም የቅናሽ ካርዶች ናቸው። ይህን በፍቅር እንጂ በፍርድ አልናገረውም፤ የቤት ኪራይ ከፍሎ እጁ ላይ ምንም የማይቀረው ሰው ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ሆኖም ካርዱን ተሳስቼ ነው ያነሣሁት ብሎ መጻፍ ከባድ አደጋ አለው። ካርዱ የት፣ መቼ፣ በየትኛው በር እንደገባ መሥሪያ ቤቱ መዝገቡ ላይ ያያል። አንድ ጊዜ ከሆነ አንድ ጊዜ መሆኑን፣ ያለማስተባበያ፣ ያልተከፈለውን ለመክፈል ዝግጁ መሆናችሁን ጨምራችሁ ጻፉ። ብዙ ጊዜ ከሆነ ወይም ማጭበርበር የሚል ቃል ደብዳቤው ላይ ካያችሁ ግን አንድ መስመር ከመጻፋችሁ በፊት ጠበቃ አነጋግሩ። ራስን የሚወነጅል ነገር ያለመናገር መብት የሁላችንም ነው። ለጠበቃ የሚከፍለው የሌለው ሰው ሲቲዝንስ አድቫይስ ወይም በየአካባቢው ያለ ሎው ሴንተር ይሂድ፤ ቀጠሮው ከቀነ ገደቡ የሚያልፍ ከሆነም ምክር እየጠየቅሁ ስለሆነ ጊዜ ጨምሩልኝ የሚል አጭር ደብዳቤ በቀኑ ይላክ።

ወረቀት ለሌለን ወይም ዜግነት ለመጠየቅ ለምንዘጋጅ ሰዎች ደግሞ ነገሩ ከገንዘብ በላይ ነው። በገንዘብ የሚያስቀጣ ፍርድ ለአዋቂ ሰው ከ12 ወር በኋላ እንደተሰረዘ ይቆጠራል፤ ለብዙ አሠሪም መናገር አያስፈልግም። ለዜግነት ማመልከቻ ግን ይህ አይሠራም። የተሰረዘም ቢሆን ፍርድ ሁሉ መገለጽ አለበት፤ ሆም ኦፊስ ጠባየ መልካም ስለመሆናችሁ ሲመዝን ያየዋል። አንድ የባቡር ቅጣት ብቻውን በሩን ይዘጋል ማለቴ አይደለም። የደበቀው ሰው ግን በቅጣቱ ሳይሆን በመደበቁ ይወድቃል፤ ዜግነቱን ካገኘ በኋላ እንኳ ሊያስነጥቀው ይችላል። በሌለበት የተፈረደበት ሰው ደግሞ መፈረዱን ሳያውቅ የለብኝም ብሎ ቅጹን ይሞላል። ያልተከፈተ ፖስታ ሰውን እስከዚህ ድረስ ያደርሰዋል።

ለትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱም የምለው አለኝ። ሳይከፍሉ በሚጓዙ ሰዎች ምክንያት በዓመት ከመቶ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንደሚያጣ ትራንስፖርት ፎር ለንደን ገምቷል። ይህ ገንዘብ የሌሊት አውቶብስ ነው፤ በሌሊት አውቶብስ ሥራ የሚሄደው ደግሞ የኛ ሰው ነው። ስለዚህ ይከፈል፤ ተቆጣጣሪም ይኑር። ነገር ግን መልስ የሚጠይቀው ደብዳቤ ውስጥ እርዳታ የት እንደሚገኝ በአማርኛ፣ በትግርኛና በሶማልኛ የሚናገር አንድ ወረቀት ቢታጠፍ ምን ያህል ክስ ይቀር ነበር! ክስ ከተመሠረተ በኋላ የሚመጣውን ማብራሪያም ከሳሹ ያንብበው። ማኅበራችን ይህን ሁለት ጥያቄ ለለንደን ምክር ቤት አባላት በጽሑፍ እንዲያቀርብ እኔ ዛሬ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ የምትደግፉ ፊርማችሁን ስጡን።

በመጨረሻ፣ ቀድሞ የተፈረደባችሁ አላችሁ። ስለ ክሱ ምንም ሳታውቁ፣ ደብዳቤው አሮጌ አድራሻ ሄዶ፣ በድንገት የዕዳ ሰብሳቢ ወረቀት የደረሳችሁ። ተስፋ አትቁረጡ፤ ሕጉ መንገድ ትቶላችኋል። ማጂስትሬት ፍርድ ቤት ቀርቦ ስለ ክሱ አላውቅም ነበር ብሎ ቃለ መሐላ መስጠት ይቻላል፤ ፍርዱ ይነሣና ጉዳዩ ከመጀመሪያው ይታያል። ጊዜው ግን ፍርዱን ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ 21 ቀን ነው፤ ካለፈ ፍርድ ቤቱ በቂ ምክንያት ካላየ አይቀበልም። ቃለ መሐላው እውነት መሆን አለበት፤ ደብዳቤው ደርሶት ያልከፈተ ሰው አልደረሰኝም ብሎ መማል አይችልም። ወረቀቱ የደረሳችሁን ቀን የሚያሳይ ነገር፣ የድሮውን ቤት የለቀቃችሁበትን ውል፣ የአዲሱን ቤት ካውንስል ታክስ ይዛችሁ ሂዱ። እዚህ ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት የያዘ ሰው ካለ ከሌሎቹ ጥያቄዎች በፊት እርሱን እናስቀድም፤ ቀኑ እየተቆጠረበት ነው።